ከፎጣው ሥር የቀረ ዋጋ

ሚያዝያ 17

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊቴን ለክታ ፊቷን ቋጠር አደረገች። እንቅልፍ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ዘይነባ ከጎኔ ሆና «ሲገላበጥ ነው የሚያድረው» ብላ አጋለጠችኝ። ሚስት ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ትርፉ ይሄ ነው። ነርሷም ያልተኙበትን ቀንና ያስጨነቀዎትን ነገር እየጻፉ በወሩ ይመለሱ አለች። ስለዚህ ይኸው፣ ልጄ ፈይሩዝ ወልድያ ኮሌጅ ስትማር ከተረፋት ደብተር ላይ ጀመርኩ።

ስሜ ሲራጅ ነው። መርሳ ውስጥ የከብት ደላላ ነኝ፤ ጢሜ ሳይወጣ ጀምሬ ይኸው ሸበትኩበት። ያስጨነቀኝ ነገር የለም። ገበያው ቀዝቅዟል፣ እሱ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 21፣ ገበያ

ሙቀት። አቧራ። አንድም እጅ ሳልይዝ ገባሁ። ደክሞኛል፣ ነገ እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 22

ነርሷ የከተማ ልጅ ትመስለኛለች፤ ካነበበችው እንዲገባት ላስረዳ። በእኛ ገበያ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላው ፎጣውን ከትከሻው ያወርድና ከሥሩ የሻጩን እጅ ይይዛል። አንዱን ጣት መጨበጥ አንድ ነገር ነው፣ ሁለቱን መጨበጥ ሌላ፣ መዳፍ መጫን ደግሞ ሌላ። አፋችን ስለ ዝናብ ያወራል፣ እጃችን ይከራከራል። ከዚያ ዞሮ የገዢውን እጅ መያዝ ነው። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ምንም አያውቅም። ከፎጣው ሥር የተባለው ለሚስትም አይነገርም። እኔ ለዘይነባ ነግሬያት አላውቅም፤ እሷም መጠየቅ አልተወችም።

ትናንት ግን ገበሬው ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣ። ዓሪፍ የሚባል የወልድያ ልጅ ቴሌግራም ላይ የከብት ገበያ ከፍቷል። የበሬው ፎቶ፣ ዕድሜው፣ ዋጋው፣ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር። ደሴ ያለው ገዢ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይመርጣል፤ ብሩም በስልክ ይገባል። ከውርጌሳ የመጣ አንድ ገበሬ እጁን ልይዝ ስል ሰብስቦ ኪሱ ከተተና «ዋጋው እዚህ ተጽፏል፣ ጋሼ» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። በትህትና ነው ያለኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላዬ ደግሞ አንዱ ለጓደኛው «ድሮስ ስንቱ ፎጣው ሥር እንደቀረ ማን ያውቃል» አለው። ተሳሳቁ። እኔን አይደለም። በዚህ ገበያ ደላላ ብዙ ነው።

ሚያዝያ 24

ሼህ አብዱልሐሊም ዘንድ ወጣሁ። ባጃጁ ዳገቱ ሥር ጣለኝ፣ የቀረውን በእግሬ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

እሳቸው ከአባቴ ቀጥሎ የማከብራቸው ሰው ናቸው። ዘንድሮ የበልግ ንፋስ ጣራቸውን ገልብጦት ከባለቤታቸው ከእትዬ ዙልፋ ጋር በሸራ ሥር ነው ያሉት። እኔ በነበርኩበት ሰዓት እንኳ ሸራው ሲርገበገብ ወሬያችንን ያቋርጠን ነበር። ክረምት ከገባ እዚያ ሥር ሰው አያድርም። ያላቸው ተስፋ ቀዩ በሬ ነው። ለአረፋ ተሸጦ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል።

በሬውን ጣራው በተረፈው ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀልቡት። የማሽላ አገዳ እያጨዱ፣ ፉሩሽካ እያራሱ፣ በሩ ላይ መጋረጃ ጥለው። ገበያ አያወጡትም፤ ከቤተሰብ በቀር ያየው ሰው የለም። መጋረጃውን ከመግለጤ በፊት ማሻአላህ አስባሉኝ። ስገልጠው ሳልታዘዝ ደገምኩት። እንዲህ ያለ በሬ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ጥቂት ነው፤ ሻኛው ወደ ጎን ወድቋል፣ ቆዳው ዘይት የተቀባ ይመስላል።

«ሲራጅ» አሉኝ፣ «ገዢ አንድ ሰው ብቻ አምጣ። ጀምበር ስትገባ፣ መግሪብ ሲቃረብ አምጣው። ዓይን እንዳይበዛበት። አደራ።»

አደራዎን ተቀብያለሁ አልኳቸው። በፎጣዬ ሥር እጃቸውን ይዤ ያወጣል ያልኩትን ዋጋ ጫንኩላቸው። ፊታቸው በራ።

እኔ ራሴ በዓይን ያን ያህል አላምንም። ከብት የሚታመመው ሲታመም ነው።

ሚያዝያ 29

ደሴ ላለው ለሀይሉ ደወልኩ። ሀይሉ በየዓመቱ ለአረፋ ከእኔ የሚገዛ ነጋዴ ነው፤ ክርስቲያን ቢሆንም የአረፋን ገበያ ከእኛ በላይ ያውቀዋል። መቼ ትመጣለህ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። «ጋሽ ሲራጅ፣ ዘንድሮ መምጣት የለም። ፎቶ ላክልኝ፤ ካማረኝ መኪና እልካለሁ» አለ። እጄን ነው የምልክልህ፣ እጄን አታምንም ወይ አልኩት። አምናለሁ፣ ግን ደንበኞቼ ፎቶ ነው የሚሉኝ አለ።

አደራ ስላለብኝ እምቢ አልኩት። አደራ የሚባል ነገር አለ።

ግንቦት 3

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በዓሪፍ ቻናል ወይፈኗን በአንድ ቀን ሸጠች አሉ። ዋጋውን ስሰማ የነገሩኝ ልጆች የተሳሳቱ መሰለኝ። አምና የእሷን ጊደር ያሻሻጥኩት እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ አግኝታኝ ሰላምታዋ አጠር አለብኝ።

አልተኛሁም። ነርሷ ይሄንን ትመዝግብ።

ግንቦት 6

በችኮላ። ፈይሩዝን ይዤ ወደ ሼሁ መንደር ወጣሁ። ሼሁ መስጊድ ነበሩ። እትዬ ዙልፋ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ላይ ናቸው። መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ፈይሩዝ ፎቶ አነሳችው። ለሀይሉ ብቻ ነው። አንድ ሰው አምጣ ብለውኝ የለ? ሀይሉ አንድ ሰው ነው።

ማታ። ሀይሉ ስልኩን አላነሳም። ፎቶው ፈይሩዝ እጅ ነበርና ቻናሉ ላይ ወጣ። የዘንድሮ ልጅ ጣቷ ከአሳቧ ይቀድማል።

ግንቦት 7

ከፎቶው ሥር ትንሽ ዓይን ተስላለች፤ አጠገቧ ቁጥር አለ። ምንድን ናት ብዬ ፈይሩዝን ጠየቅኳት። ያየው ሰው ብዛት ነው አለችኝ። ጠዋት ከመቶ በላይ ነበር። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ስምንት መቶ። እኔ ቁጥሩ ደንቆኝም አይደለም፤ ለመጠየቅ ያህል ነው የጠየቅኩት። ማታም ጠየቅኳት።

ሥሩ ላይ ሰዎች ይጽፋሉ። አንዱ «ይሄ በሬ ነው ወይስ ቤት» ብሏል። ሌላው «ይህን የመረጠ ደላላ ሥራውን ያውቃል» ብሏል። ፈይሩዝን ድገሚው አልኳት።

ግንቦት 8

ሁለት ሺህ አልፏል። ስልኬ ሲጮኽ ዋለ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ። አንዱን እስክመርጥ ቆዩ አልኳቸው። ገበያ ላይ ስሄድ ልጆቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ዓሪፍ ራሱ ደውሎ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ከየት ያወጡታል?» አለኝ። አባባ ማለቱን አልጠላሁትም።

ዘይነባ ግን እራት ስታቀርብ «ሼሁ ያውቃሉ ወይ?» አለችኝ። ሲሸጥ ያውቃሉ አልኳት። ሳህኑን ጠጋ አድርጋልኝ ሄደች።

ግንቦት 10

አንድ ሰው የመንደሩን ስም አወቀው። ከበሬው ጀርባ በመስኮቱ የሚታየውን ዳገት አይቶ ነው አሉ። ሰዎች እየወጡ ነው። ሞተር ይዘው፣ ባጃጅ ይዘው። ከመካከላቸው የሚገዛ የለም፤ ሊያዩ ነው የሚሄዱት። ስልካቸውን አውጥተው ከበሬው ጋር ይነሳሉ አሉ።

እንዲያወርደው ለዓሪፍ አስደወልኩ። ወዲያው አወረደው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ያየው ሁሉ ለራሱ አስቀምጦታል፣ ለሌላው ልኮታል። በፎጣ የሸፈኑት ነገር ፎጣው ሲመለስ ይሸፈናል። ይሄኛው አይሸፈንም።

ግንቦት 13

ሼሁ መጡ። በእግራቸው፣ በዚህ ፀሐይ። ይግቡ ብንላቸው አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ሲራጅ፣ በሬዬን ስንት ሰው አየው?» አሉኝ።

ፈይሩዝ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ስልኩን አቀረበችላቸው፤ ሳይወርድ በፊት ጓደኛዋ ያስቀረችው ፎቶ አለ። ሼሁ የሚያነቡት ቁርአን ነው፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። በጣታቸው በሬውን፣ ከዚያ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ዓይን ነኩ።

«ዓይኑንም ሳሉበት?» አሉ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር። ዘይነባ ወንበር አመጣች፣ አልተቀመጡም። «አንድ ሰው ነበር ያልኩህ» ብለው ዞሩ። ልሸኛቸው ብከተል በእጃቸው ተመለስ አሉኝ። ያ እጅ ከፎጣዬ ሥር ስንት ዓመት ያውቀኛል።

ግንቦት 16

ቀዩ መብላት ትቷል።

ወሬውን ያመጣው ባጃጅ ነጂ ነው። ስዩምን፣ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም፣ ለምኜ ይዤው ወጣሁ። ሼሁ ለስዩም ሰላምታ ሰጡት፣ ለእኔም ሰጡኝ፤ የእኔው አጠር ያለ ነበር። ሰው እንዳያይ የጓዳውን መስኮት በጭቃ መርገውታል። ውስጡ እሳት ነው። ፎቶው ላይ እንዳለው ሆኖ እንዲቆይ ብለው ደግሞ እህል ጨምረውለታል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ ቆሟል። ስዩም መድኃኒት አጠጣውና መስኮቱን አስፈረሰ። እህሉን እንዲያቆሙ፣ አገዳና ውኃ ብቻ እንዲሰጡት አዘዘ። ይድናል፣ ግን ለአረፋ አይደርስም አለ።

«የሙቀትና የእህል ነገር ነው» አላቸው ለሼሁ።

«መስኮቱን ምን አስዘጋኝ፣ ልጄ?» አሉት።

ስዩም ጎንበስ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

በዓይን አላምንም ብዬ ነበር። እንደዚያ ነው። ግን መስኮቱን ማን እንዳስዘጋ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ግንቦት 18

ዝናብ ጣል አደረገ። እዚህ አይደለም፣ ወደ ላይ ነው። ሸራውን እያሰብኩ አላረፍኩም።

ግንቦት 21

ሀይሉ ድንገት ከደሴ መጣ። ፎቶው እሱም ዘንድ ደርሶ ኖሯል፣ በሌላ ሰው በኩል። መታመሙን ነገርኩት፤ ለሌላ ገዢ የደበቅኩት መስሎት ካላየሁ አለ። ወጣን። በሬው ፊት ቆመና ስልኩን አወጣ። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ በሬውን አየ። የጎድን አጥንቱ መታየት ጀምሯል።

«ጋሽ ሲራጅ፣ ይሄ ያ አይደለም» አለ።

ያው እሱ ነው ብዬ ማልኩለት። ወላሂ ያልኩበት አፌ እስካሁን ይመረኛል። ሀይሉ ክፉ ሰው አይደለም። ለብቻዬ ሳብ አድርጎ የታመመ ለአረፋ እንደማይታረድ እናንተው ታውቃላችሁ፣ ደንበኞቼ ያንን ፎቶ ይዘው ይሄንን ባመጣላቸው ሌባ ይሉኛል አለኝ። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። እጁን እንኳ አላወጣም።

በድሮው ጊዜ ቢሆን እጁን ይዤ ትንሽ ቀንሼ፣ ትንሽ አባብዬ እጨርሰው ነበር። አሁን ግን ከእኔ እጅ በፊት ፎቶው ይናገራል። ለዚያውም የእኔ ፎቶ።

እትዬ ዙልፋ ስንወጣ ውኃ አቅርበውልን ነበር። ሸራውን በድንጋይ እያስያዙ ነበር የተውናቸው።

ግንቦት 24

ንጋት ላይ ፈጅር ሰግጄ ነው የምጽፈው።

ግንቦት 6 ላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። የፈይሩዝ ጣት ብያለሁ። ውሸት ነው። ሀይሉ ስልኩን አላነሳ ሲለኝ «ቻናሉ ላይ ልልቀቀው እንዴ፣ አባቴ?» ያለችኝ እውነት ነው። ግን ፊቷ ላይ አይሆንም የሚል ነገር ነበር፤ አደራውን በመንገድ ስንወጣ ነግሬያታለሁና። «ልቀቂው» ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም «የዓሪፍን ከብት ሁሉ ያስንቃል» ብያለሁ። ለሼሁ ጣራ ብዬም አይደለም። ያ የውርጌሳ ገበሬ፣ እነዚያ የሳቁብኝ ልጆች፣ ያቺ ሴት እንዲያዩልኝ ነው። እንዲያዩልኝ ፈለግሁ፣ አዩልኝ።

ልጄ ይኸው ከሁለት ሳምንት በላይ ጥፋቱን ተሸክማልኝ ዝም ብላለች። ዛሬ ቁርስ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሻዬን ደግማ ቀዳችልኝ።

ስለዚያ ሰውዬ ነገርም ላስብ። ስንቱ ፎጣው ሥር ቀረ ያለው። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። ለሻጩ የጫንኩትና ለገዢው የጫንኩት ሁልጊዜ አንድ ነበር ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ሰው ስልክ ላይ ዋጋ ማየት ሲጀምር ለምን እንደከፋኝ እኔና አላህ እናውቃለን።

ግንቦት 26፣ ገበያ

የአረፋ ገበያ ጦፏል። እኔ ግን እንደ እንግዳ ዞሬ ተመለስኩ።

ለዘይነባ ያሰብኩትን ነገርኳት። እኛም ዘንድ ሁለት ጊደሮች አሉ፤ የእሷ ናቸው፣ ከእናቷ የመጡ ዘር። እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝና «የፈይሩዝ አባት፣ ይሄን ያህል ቀን ምን ስትጠብቅ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ፈይሩዝን ጠርታ ጊደሮቹን ፎቶ እንድታነሳ አዘዘቻት። ለዓሪፍ ላኪው አለቻት። ማታውኑ ተሸጡ። በፎጣ ሥር ቢሆን ያን ያህል አላወጣላትም ነበር፤ ይሄንንም ልጻፈው።

ግንቦት 28፣ የአረፋ ዋዜማ

መግሪብ ሲቃረብ መንደር ደረስኩ። ሼሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ከተከፈተ ወዲህ ቀዩ መብላት ጀምሯል፤ አገዳ ሲሰብር ከውጭ ይሰማል።

«ገዢ አምጥቻለሁ» አልኳቸው።

«የታለ?»

«አንድ ሰው ነው ያሉኝ። እኔ ነኝ።»

አልተነሱም፣ ግን አልመለሱኝም። ፎጣዬን አውርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ። ይመጣል አይመጣም እያልኩ ጠበቅሁ። መጣ። ሻካራ ነው።

በሚያዝያ ያልኳቸውን ዋጋ ጫንኩላቸው፣ ያኔ ፊታቸው የበራበትን። እጃቸው ደነገጠ። መለሱልኝ፤ ቀንሰው ነው የመለሱት። ለታመመ በሬ ይሄ ይበቃል ማለታቸው ነው። አይሆንም ብዬ የመጀመሪያውን ደገምኩት። አሁንም ቀነሱ፣ ትንሽ ብቻ ጨምረው። አፋችን ስለ ዝናብ ያወራል፤ ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ይገባል አሉኝ፣ ይመስላል አልኳቸው። እጃችን ይከራከራል። ስንት ዓመት ደልዬ እንዲህ ያለ ገበያ አላየሁም፤ ገዢው ይጨምራል፣ ሻጩ ይቀንሳል። እትዬ ዙልፋ በበሩ ሆነው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ፎጣው እጄ ላይ ስለሆነ የምጠርግበት አጣሁ።

በመጨረሻ ተስማማን። ሼሁ እጄን ወዲያው አልለቀቁም።

ስመለስ ዘይነባ በስንት አለችኝ። ከፎጣው ሥር የተባለ ነው አልኳት። ደብተሩ ላይም አልጽፈውም። ነርሷ ብትቆጣም።

ግንቦት 29

አረፋ። ሶላት ላይ ሼሁ በሩቅ አይተውኝ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ሰኔ 5

ቀዩ እኛ ግቢ ነው። ስዩም መጥቶ አየው፤ ለመስቀል ገበያ ይደርሳል አለ። ፈይሩዝ በጣልንለት መጋረጃ በኩል ስታልፍ ማሻአላህ ትላለች። እኔም እላለሁ። ብናምንበትም ባናምንበትም፣ ማለቱ አይከብድም።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መንደር ነበርኩ፤ መሰላል ስይዝ ዋልኩ። የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመትቶ እንዳለቀ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም ውስጥ ገባን። እትዬ ዙልፋ ጣራውን ቀና ብለው ያያሉ፣ አንድም ጠብታ የለም። ሼሁ ከጎኔ ተቀምጠዋል። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ዓሪፍ ነው።

«አባባ፣ ያ ቀዩ በሬ ተሸጠ ወይ? ሰዉ እስካሁን ይጠይቀኛል» አለኝ።

«ተሸጧል» አልኩት።

«በስንት?»

ሼሁ ቀና ብለው አዩኝ። ዝናቡ አዲሱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አይሰማኝም አልኩትና ዘጋሁት።